የኩሊንግ ታወር ሂሳብ፦ ስንት ውሃ፣ ስንት አየር?

ኩሊንግ ታወር የፋብሪካን ሙቅ ውሃ በአየር የሚያቀዘቅዝ ማማ ነው። አላቀዘቅዝ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ውሃው ነው። «ውሃ አንሶታል፣ ፓምፑን ቀይሩት» ይባላል። ትልቅ ፓምፕ ይገዛል። ውሃው ይጨምራል። ማሽኑ ግን እንደሞቀ ይቀራል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይብስበታል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። የማሽኖቹን ዘይት የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከታወሩ ይመጣል። ታወሩ የተገዛው 37 ዲግሪ ሆኖ የሚመለሰውን ውሃ ወደ 27 እንዲያወርድ ነው። እኔ ስደርስ ግን የሚወጣው ውሃ 32 ዲግሪ ነበር። ከማሽኖቹ ተመልሶ የሚገባው ደግሞ 40 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ፓምፑ አዲስ ነው። ከድሮው ፓምፕ በሰከንድ 3 ሊትር ይበልጣል።

የጥገናው ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ናቸው። ገንዳውን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ውሃው እኮ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው በትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ነበር። የጎደለው አየር ነው። አየር እንደጎደለ የሚታወቀው ደግሞ በሂሳብ ነው። ሂሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ መሠረቱ ግን የሱቅ ደብተር ያህል ቀላል ነው። ውሃው የሰጠውን ሙቀት አየሩ ተቀብሏል። አንዱ ዓምድ ላይ የተቀነሰው ሌላው ዓምድ ላይ መደመር አለበት።

ማቀዝቀዙ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ታወሩ ውስጥ እንግባ። ሙቁ ውሃ በቧንቧ ወደ ላይ ይወጣና በኖዝል ይረጫል። ከኖዝሉ በታች ፊል የሚባለው ነገር አለ። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ተደራርቦ ይቆማል። ውሃው በዚህ ላይ ስስ ሆኖ እየተዘረጋ ቁልቁል ይወርዳል። አናት ላይ ያለው ፋን ደግሞ አየሩን ከታች በጎን በኩል ስቦ ሽቅብ ያወጣዋል። ውሃና አየር ፊሉ ላይ ይገናኛሉ። የቀዘቀዘው ውሃ ከታች ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል።

ውሃው የሚቀዘቅዘው አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንስራን አስቡ። ጥላ ሥር የተቀመጠ የሸክላ እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ አጠገቡ ካለው የፕላስቲክ ጀሪካን ይልቅ ይቀዘቅዛል። ጥላው አንድ ነው፣ አየሩም አንድ ነው። ልዩነቱ ሸክላው ማላቡ ነው። ትንሽ ውሃ በሸክላው ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል። ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል።

ይዞት የሚሄደው ሙቀት ቀላል አይደለም። 1 ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው 4.19 ኪሎጁል ብቻ ነው። 1 ኪሎ ውሃ በ30 ዲግሪ አካባቢ ሲተን ግን 2,430 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ የምትተን 1 ሊትር ውሃ ሌላ 58 ሊትር ውሃን በ10 ዲግሪ ታቀዘቅዛለች። የኩሊንግ ታወር ጉልበት በሙሉ እዚህች ቁጥር ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ ጥያቄው አየሩ ምን ያህል እንፋሎት መጠጣት ይችላል የሚለው ይሆናል። ደረቅ አየር ብዙ ይጠጣል። የጠገበ አየር አይጠጣም። ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ለምን ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ የዘመናት ዘዴ ነው። ተራ ቴርሞሜትር ወሰዱ። ጫፉን ከፋሻ በተቆረጠች ትንሽ ጨርቅ ጠቀለሉት። ጨርቋን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከሩና ቴርሞሜትሩን በገመድ አስረው በአየር ላይ ያወዛውዙት ጀመር። ቁጥሩ ከ25 ተነሥቶ ወረደ፣ ወረደ፣ 17 ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቢያወዛውዙትም አይወርድም። መሐንዲሶች ይህን ቁጥር ዌት በልብ ይሉታል። አየሩ በትነት ሊያደርስ የሚችለው የመጨረሻ ዝቅተኛ ዲግሪ ማለት ነው።

ምንም ያህል ትልቅ ታወር ብትገዙ ውሃውን ከዌት በልቡ በታች አያወርድም። ወለሉ እሱ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የማቀዝቀዣ ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ላይ በበጋ ዌት በልቡ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቀን 27 ዲግሪ ውሃ ከታወር መጠበቅ ዘበት ነው። ደጋው አገር በዚህ በኩል ታድሏል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ ሰው ክረምት ሲገባ «አሁንማ ብርድ ነው፣ ታወሩ ይሻለዋል» ይላል። ቀኑ ይበርዳል እንጂ አየሩ በእርጥበት ጠግቧል። የዝናብ ቀን ዌት በልብ ፀሐይ ከሚያቃጥልበት ደረቅ ቀን ዌት በልብ ሊበልጥ ይችላል። ታወሩ የሚያየው የጨርቁን ቴርሞሜትር ነው፤ እኛ ደግሞ የምናየው የደረቁን።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንወቅ፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራቸው ናቸው። ወደ ታወሩ በሚገባው ውሃና ከታወሩ በሚወጣው ውሃ መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት ሬንጅ ይባላል። በሚወጣው ውሃና በዌት በልቡ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አፕሮች ነው። በዚያ ፋብሪካ ዲዛይን ሬንጁ 37 ሲቀነስ 27፣ 10 ዲግሪ ነው። አፕሮቹም 27 ሲቀነስ 17፣ 10 ዲግሪ ነው። ሁለቱ በቁጥር ቢገጥሙም ትርጉማቸው ለየቅል ነው። ሬንጁን የሚወስነው ፋብሪካው የሚያወጣው ሙቀትና ፓምፑ ነው። የታወሩ ጉብዝና የሚለካው በአፕሮች ነው። ይህን የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የውሃው ዓምድ

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ስለሚጠቀም ትንሽ እንጠንቀቅ። ቴርሞሜትር ላይ የምናነበውን «ዲግሪ» እላለሁ። ከውሃው ወጥቶ ወደ አየሩ የሚሄደውን ጉልበት «ሙቀት» እላለሁ። ለብ ያለ አንድ በርሜል ውሃ ከአንድ ስኒ የፈላ ሻይ በዲግሪ ያንሳል፣ በሙቀት ግን እጅግ ይበልጣል።

የውሃው ሂሳብ አንድ መስመር ነው። የውሃ ፍሰት በሰከንድ በኪሎ፣ ሲባዛ በ4.19፣ ሲባዛ በሬንጁ። በዲዛይኑ ፍሰቱ በሰከንድ 10 ሊትር ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው እንበል። 10 × 4.19 × 10 = 419 ኪሎዋት፣ ማለትም በሰከንድ 419 ኪሎጁል። ታወሩ በየሰከንዱ ከውሃው አውጥቶ ለአየሩ ማስረከብ ያለበት ይህን ነው።

አሁን አዲሱን ፓምፕ እንይ። ፍሰቱ 13 ሊትር ሆነ። ማሽኖቹ ግን አልተለወጡም፣ የሚያወጡት ሙቀት ያው 419 ነው። ስለዚህ ሬንጁ 419 ለ13 × 4.19 ሲካፈል 7.7 ዲግሪ ይሆናል። ከ10 ወደ 7.7 ወረደ። ይህን ያዩ ሰዎች «ታወሩ ደክሟል፣ ድሮ 10 ዲግሪ ያወርድ ነበር» ብለው ነበር። ታወሩ የሚያወጣው ሙቀት አንድ ኪሎዋት አልቀነሰም። ውሃው በዛ፤ ሙቀቱ ለብዙ ውሃ ተከፋፈለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የውሃ ፍሰትን መለካት ብዙ አያስቸግርም። ቧንቧው ላይ ከውጭ የሚታሰር የአልትራሳውንድ መለኪያ አለ። እሱ ከሌለ የፓምፑን መግቢያና መውጫ ግፊት በጌጅ አንብቦ ከፓምፑ ጋር ከመጣው ከርቭ (ግፊትንና ፍሰትን ከሚያዛምደው መስመር) ላይ ፍሰቱን ማግኘት ይቻላል። ትልቁ ሥራ ያለው አየሩ ጋ ነው።

የአየሩ ዓምድ

አየሩ ሙቀት የሚቀበለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ ራሱ ይሞቃል። ሁለተኛ እንፋሎት ይሸከማል። ሁለቱ ተደምረው ኢንታልፒ ይባላሉ፤ የአየሩ ጠቅላላ ሙቀት ማለት ነው። የሚለካውም በ1 ኪሎ ደረቅ አየር ስንት ኪሎጁል ተብሎ ነው። የሚገባው አየር ጠቅላላ ሙቀት በተግባር በዌት በልቡ ይወሰናል፤ ለዚህ ነው ጨርቋ ይህን ያህል የምትፈለገው።

ለሚወጣው አየር ደግሞ መሐንዲሶች የመጀመሪያ ግምት አላቸው። በእንፋሎት ጠግቦ ይወጣል፣ ዲግሪውም በሚገባውና በሚወጣው ውሃ መካከል ነው ይላሉ። በኛ ምሳሌ የ37 እና የ27 መካከል 32 ነው። ለመነሻ ጥሩ ግምት ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹን ከሰንጠረዥ ወይም የአየርን ዲግሪ፣ እርጥበትና ኢንታልፒ ከሚያሳየው ሳይክሮሜትሪክ ቻርት ማንበብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ቻርት የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው፣ ለ101 ኪሎፓስካል ግፊት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል ቻርት ዌት በልብ 17 ላይ ያለ አየር 48 ኪሎጁል ይላችኋል። በአዲስ አበባ ግፊት ሲሰላ ግን 58 ነው። በ32 ዲግሪ የጠገበ አየር በባሕር ጠለል 111 ሲሆን በአዲስ አበባ 139 ነው። የተሳሳተ ቻርት ይዞ የተነሣ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳቡ ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

በትክክለኛው ቻርት እንቀጥል። 1 ኪሎ አየር ሲገባ 58.3፣ ሲወጣ 138.6 ኪሎጁል ይዟል። ልዩነቱ 80.3 ነው። ማስረከብ ያለብን 419 ኪሎዋት ነው። 419 ለ80.3 ሲካፈል 5.2። ስለዚህ በሰከንድ 5.2 ኪሎ ደረቅ አየር ያስፈልገናል።

ፋን ግን ኪሎ አያውቅም። ፋን የሚያውቀው ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ፣ 1 ኪሎ አየር 1.15 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። 5.2 በ1.15 ሲባዛ በሰከንድ 6 ሜትር ኩብ ነው። ፋኑ አናት ላይ ከሆነ ደግሞ የሚያገኘው የሞቀና የረጠበ አየር ስለሆነ መጠኑ ወደ 6.4 ያድጋል።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ከፍታን የሚያውቅ መሐንዲስ ወዲያው አንድ ነገር ይላል፦ «የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ በሲሶ ማደግ አለበት።» ነገሩ እውነት ይመስላል። እንደሚባለው ቢሆን ታወር ሻጭ ሁሉ ለደጋ አገር ግዙፍ ፋን በሸጠ። ያንኑ ሂሳብ በዚያው ዌት በልብ ለባሕር ጠለል ብንሠራው ግን የሚያስፈልገው አየር በሰከንድ 6.7 ኪሎ ይሆናል፣ በመጠን 5.7 ሜትር ኩብ። እዚህ 6፣ እዚያ 5.7። ልዩነቱ 5 በመቶ ብቻ ነው!

ምክንያቱ እንፋሎቱ ነው። 1 ሜትር ኩብ ቦታ በ32 ዲግሪ የሚይዘው የእንፋሎት መጠን 34 ግራም ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ጅቡቲም አዲስ አበባም ያው ነው። ቦታው ውስጥ ያለው አየር ቢበዛም ቢያንስም እንፋሎቱን የሚወስነው ዲግሪው ነው። ከሙቀቱ አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ በእንፋሎት ነው። ስለዚህ ሜትር ኩብ ለሜትር ኩብ ሲነጻጸር ስሱ አየራችን ከወፍራሙ ብዙም አያንስም። የሚጎድለው አየሩ ራሱ ሲሞቅ የሚሸከማት ትንሿ ድርሻ ናት። ፋኑም ቀላል አየር ስለሚገፋ ሞተሩን ያን ያህል አያደክመውም። ነገር ግን ሞተሩ ራሱ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ነው፤ አብዛኛው ሞተር አቅሙ የተጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ሞተር ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ፋን የሌላቸው ታወሮችም አሉ። ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች አጠገብ የሚታዩት ወገባቸው ቀጠን ያሉ ግዙፍ ማማዎች ማለቴ ነው። ይህን ቅርጽ ሁለት የኔዘርላንድ መሐንዲሶች፣ ፍሬደሪክ ቫን ኢተርሰንና ጌራርድ ካይፐርስ፣ በ1910ዎቹ ማብቂያ ላይ በሄርለን አካባቢ ለነበረው ኤማ የከሰል ማዕድን አወጡት። እዚያ አየሩን የሚስበው ክብደቱ ነው። ውስጥ ያለው ሙቅና እርጥብ አየር ውጭ ካለው ይቀላል፣ ስለዚህ ይነሣል። ከፍታው 100 ሜትር ቢሆንና የክብደቱ ልዩነት በሜትር ኩብ 50 ግራም ቢሆን፣ 9.81 × 100 × 0.05 = 49 ፓስካል ግፊት ይገኛል። 5 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት ማለት ነው። በዚህች ግፊት በየሰከንዱ ብዙ ቶን አየር ይንቀሳቀሳል። ከአናታቸው የሚወጣውም ነጭ ነገር ጭስ አይደለም፤ ተመልሶ ጤዛ የሆነ እንፋሎት ነው።

አየሩ ቢበቃም ፊሉስ ይበቃል?

የደብተሩ ሁለት ዓምዶች ገጠሙ ማለት ታወሩ ይሠራል ማለት አይደለም። አየሩና ውሃው ለመገበያየት ጊዜና ገበያ ያስፈልጋቸዋል። ገበያው ፊሉ ነው። ስንት ፊል ይበቃል የሚለውን በሂሳብ የፈታው ፍሪድሪክ ሜርክል የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ በ1925። ዓለም እስከ ዛሬ በሱ መንገድ ይሠራል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዷ የውሃ ጠብታ በዙሪያዋ በሷው ዲግሪ የጠገበ ስስ የአየር ሽፋን አላት። ይህ ሽፋን የራሱ ኢንታልፒ አለው። አጠገቧ የሚያልፈው አየርም የራሱ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሙቀቱን የሚገፋው ኃይል ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፣ ሲጠብ ደግሞ ብዙ ፊል ይጠይቃል።

በእጅ ለማስላት ውሃውን አራት ቦታ ላይ እናየዋለን፣ ከታች ተነሥተን ወደ ላይ። ከሬንጁ 10፣ 40፣ 60 እና 90 በመቶ ላይ። በኛ ምሳሌ ውሃው 28፣ 31፣ 33 እና 36 ዲግሪ ሲሆን ማለት ነው። በነዚህ ዲግሪዎች የጠገበ የአዲስ አበባ አየር ኢንታልፒ 111፣ 131፣ 146 እና 172 ነው። በዚያው ቦታ የሚያልፈው አየር ደግሞ 66፣ 90፣ 106 እና 131 ላይ ደርሷል። ልዩነቶቹ 45፣ 41፣ 40 እና 41 ናቸው። 1ን ለእያንዳንዱ ልዩነት አካፍሉ፣ ውጤቶቹን ደምሩ፤ 0.096 ይመጣል። ይህን በ4.19 አባዙ፣ በሬንጁ በ10 አባዙ፣ ለ4 አካፍሉ። መልሱ 1.0 ነው። ይህ የሜርክል ቁጥር ይባላል።

1.0 ምን ማለት ነው? ሥራው የሚጠይቀው የፊል መጠን ነው። ሻጩም ለፊሉ የራሱ ቁጥር አለው። የሻጩ ቁጥር ከ1.0 በታች ከሆነ ታወሩ 27 ዲግሪ ላይ አያደርሳችሁም። ታወር ስትገዙ የሞተሩን ፈረስ ጉልበትና የቀለሙን ውበት ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ታወሩን አያውቀውም።

የፊሉ ቁጥር ደግሞ ቋሚ አይደለም። የውሃው ፍሰት ለአየሩ ፍሰት ሲካፈል በሚመጣው ቁጥር ይወሰናል። ውሃው በዝቶ አየሩ ሲያንስ የፊሉ አቅም ይወርዳል። በዲዛይኑ 10 ኪሎ ውሃ ለ5.2 ኪሎ አየር ነው፤ 1.9 ገደማ። ይህ ራሱ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ታወሮች ከ0.75 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይሠራሉ። እዚህ ያስቻለው አፕሮቹ ሰፊ መሆኑ ነው።

ወደ ፋብሪካው እንመለስ

ታወሩ የቆመው በመጋዘኑ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ነበር። በላዩ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶለታል። «ዝናብ እንዳይገባበት ብለን ነው» አሉኝ። ለማሽን አስበው ያደረጉት ነው።

ጋሼና እኔ አየሩን ለካን። የአየር መግቢያውን በሲባጎ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፈልነው፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ። በየአንዳንዱ መሃል አኒሞሜትሩን፣ የነፋስ ፍጥነት መለኪያውን፣ ይዘን ቆየን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ ጥግ 3፣ ሌላው ጥግ 1.2። አማካዩ በሰከንድ 2 ሜትር ወጣ። መግቢያው በጠቅላላው 2.4 ሜትር ካሬ ነው። 2 × 2.4 = 4.8 ሜትር ኩብ። ያስፈልግ የነበረው 6 ነው። አንድ አምስተኛው የለም።

ቀጥለው ጋሼ ያቺን ጨርቅ የተጠቀለለች ቴርሞሜትር ይዘው ግቢው መሃል ሄዱ። 17። ተመልሰው ከታወሩ አየር መግቢያ ሥር አንበረከኩ። 21! ቴርሞሜትሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከፋኑ የሚወጣው እርጥብና ሙቅ አየር ቆርቆሮው ላይ ይጋጫል፣ በግድግዳው ተጠግቶ ይወርዳል፣ ተመልሶ በመግቢያው ይገባል። ታወሩ የገዛ ትንፋሹን እየተነፈሰ ነበር።

ሂሳቡ አሁን ተሟላ። ውሃ 13 ኪሎ፣ አየር 4.2 ኪሎ ገደማ። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 3.1። የፊሉ አቅም ወድቋል። ዌት በልቡ ደግሞ በ4 ዲግሪ ከፍ ብሏል። የሚወጣው ውሃ 32 መሆኑ አያስገርምም።

ፋኑን በፑሊ እናፍጥነው የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። የፋን ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር አየሩ በ10 በመቶ ይጨምራል፣ የሚጠይቀው ኃይል ግን በ33 በመቶ፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው፦ 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.33። ሞተሩ ይቃጠል ነበር። ይኸው ሕግ በተቃራኒው ደግሞ ይጠቅማል። ሌሊት ብርድ ሲሆን ፋኑን በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ወደ 80 በመቶ ዝቅ ብታደርጉት የሚበላው ኃይል ግማሽ ገደማ ይሆናል።

ቆርቆሮው ተነሣ። የአዲሱ ፓምፕ ቫልቭ ትንሽ ተዘግቶ ፍሰቱ ወደ 10 ሊትር ተመለሰ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ውሃ 27 ተኩል ነበር። ዝናብ ታወር ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም፤ ውሃ እኮ ነው።

የሚጠፋው ውሃ

የሚተነው ውሃ ስንት ነው? 1 ኪሎ አየር ሲገባ 12.9 ግራም እንፋሎት ይዞ ነበር፣ ሲወጣ 41.5። ልዩነቱ 28.6 ግራም ነው። በ5.2 ኪሎ ሲባዛ በሰከንድ 150 ግራም ገደማ፣ በሰዓት 540 ሊትር ያህል። ከሚዞረው ውሃ 1.5 በመቶ መሆኑ ነው። ሰንጠረዥ ለሌለው ሰው ጥሩ ግምት አለ፦ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሬንጅ 1.5 በመቶ ይተናል ብላችሁ ያዙ።

የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው። ጨውና ማዕድኑ ገንዳው ውስጥ ይቀራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ፊሉ ላይ እንደ ጀበና ቂጥ ዝቃጭ ይጋገራል። ስለዚህ ከገንዳው የተወሰነ ውሃ ሆን ብሎ መድፋት ግድ ነው። ብሎውዳውን ይባላል። ማዕድኑ ከመጀመሪያው 4 እጥፍ እስኪሆን ልንታገሠው ከወሰንን የሚደፋው የሚተነው ለ3 ሲካፈል ነው፦ 180 ሊትር በሰዓት። ለ4 ሳይሆን ለ3፤ ከእጥፉ ቁጥር ሁልጊዜ 1 ይቀነሳል።

በፋኑ ተስበው የሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎችም አሉ። በደንብ የተሠራ ጠብታ መያዣ ካለ በሰዓት ሁለት ሊትር አይሞሉም። በመጠን ምንም አይደሉም፤ በጤና ግን ትልቅ ጉዳይ ናቸው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል። ሰው ጠብታውን ሲተነፍሰው ሳንባን ይመታል። ስሙን ያገኘው በ1976 ፊላደልፊያ ላይ በተሰበሰቡ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት መካከል ከተነሣው ገዳይ ወረርሽኝ ነው። የተሰበረ ጠብታ መያዣ ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀየር። ገንዳው ይታጠብ፣ ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ጀርም መግደያ መድኃኒት አይቋረጥ። ታወር የሚያጥብ ሠራተኛ ያለ መተንፈሻ መከለያ አይግባ።

ድምሩ 540 ሲደመር 180፣ በሰዓት 720 ሊትር ነው። ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ፋብሪካ በቀን 17 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ጣራ ላይ ወዳለው ሮቶ ቀና አሉ። የሚይዘው 10 ሜትር ኩብ ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። «ለካ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ለዚህ ነው» አሉ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ 35 ብለው ጻፉና ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዱ።